የአማካሪ ወጪ፣ የቅጥር ውድድርና ተጠያቂነት፦ ሦስቱ ጥያቄዎች ለምን አንድ ላይ መነሣት አለባቸው?

የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1353/2017 ከጸደቀ ወዲህ ስለ መንግሥት ሠራተኛ የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው በሁለት ነጥቦች ላይ ተወስኖ ቆይቷል። አንደኛው ነባር ሠራተኞች በብቃት ምዘና እንዲያልፉ መደረጉ ሲሆን ሁለተኛው ደመወዝ ነው። ከአዋጁ ቀደም ብሎ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞቹንና አመራሮቹን ለፈተና ባስቀመጠበትና ብዙዎቹ የማለፊያ ነጥቡን ሳያገኙ በቀሩበት ጊዜ ጉዳዩ የአደባባይ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። የደመወዝ ማሻሻያው በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ደግሞ ትኩረቱ ወደ ደመወዝ እርከኑ ዞረ።

በዚህ መሀል በአንድ ወገን «ሠራተኛው ብቃት ስለሌለው መንግሥት ሥራውን ለአማካሪ ለመስጠት ይገደዳል» የሚል አስተያየት ይደመጣል። በሌላ ወገን ደግሞ «ለአማካሪ የሚወጣው ገንዘብ ለሠራተኛው ቢከፈል ኖሮ አማካሪ ባላስፈለገ ነበር» ይባላል። ሁለቱም አስተያየቶች ከፊል እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ጉዳዩን ከመሀሉ ነው የሚጀምሩት። አንድ መሥሪያ ቤት በአማካሪ ላይ ጥገኛ የሚሆነው የአማካሪውን ውል በፈረመበት ቀን ሳይሆን፣ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎችን በውድድር ማስገባትና ማቆየት ባቆመበት ጊዜ ነው። ጥገኛ ከሆነ በኋላ ደግሞ የገዛውን ምክር የሚመዝንበት ዐቅም ስለማይኖረው፣ ገንዘቡ ሲባክን ተጠያቂው ማን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ የቅጥር ጥያቄ፣ የአማካሪ ወጪ ጥያቄና የተጠያቂነት ጥያቄ ተለያይተው ሲቀርቡ አንዳቸውም አጥጋቢ መልስ አያገኙም።

አማካሪ ማለት ማን ነው?

በመንግሥት ግዥ አነጋገር «የምክር አገልግሎት» የሚባለው በዋናነት የአእምሮ ሥራ የሆነና ውጤቱ እንደ ጥናት፣ ንድፍ ወይም የቁጥጥር ሪፖርት ባለ ሰነድ የሚገለጽ አገልግሎት ነው። ዕቃ ሲገዛ ተቆጥሮ ይረከቡታል፤ ግንባታም ተለክቶ ይከፈልበታል። የምክር አገልግሎት ዋጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው ባለሙያዎቹ በሚሠሩበት ጊዜ፣ ማለትም በ«ሰው-ወር» ወይም በ«ሰው-ቀን» ነው። አንድ ሰው-ወር ማለት አንድ ባለሙያ ለአንድ ወር የሚሠራው ሥራ ነው። የችግሩ መነሻ በዚህ ስሌት ውስጥ ይገኛል፤ ክፍያው የሚለካው በጊዜ ሆኖ ጥቅሙ ግን የሚለካው በይዘት ነውና።

በተለምዶ «አማካሪ» በሚባለው ስም ሥር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው ይገኛሉ። የመጀመሪያው ለተወሰነ ጥያቄ መልስ እንዲያመጣ የሚቀጠር ድርጅት ነው። ሁለተኛው በልዩ ሙያው ለአጭር ጊዜ የሚፈለግ ግለሰብ ነው። ሦስተኛው፣ በእኛ አገር በብዛት የሚታየውና በክርክሩ ግን ስሙ እምብዛም የማይነሣው፣ በፕሮጀክት ወይም በለጋሾች በጀት ተቀጥሮ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ውስጥ ዓመታት የሚቆይ፣ የዕለት ተዕለት የመንግሥት ሥራ የሚሠራና ውሉ ላይ ብቻ «አማካሪ» የተባለ ሰው ነው። ይህ ሦስተኛው የሚሠራው የምክር ሥራ ሳይሆን የቋሚ ሠራተኛ ሥራ ነው።

ልዩነቱን መቁጠር ምን ያህል እንደሚጠቅም የአውስትራሊያ ተሞክሮ ያሳያል። የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ባደረገው ቆጠራ በ2021/22 የበጀት ዓመት ከመደበኛ ሠራተኛ ውጭ ላለ የሰው ኃይል ወደ 20.8 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ማውጣቱንና ይህም ከ54 ሺሕ ገደማ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ጋር የሚመጣጠን መሆኑን አስታውቋል። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የታዋቂ አማካሪ ድርጅቶች ሳይሆን በውልና በንዑስ ተቋራጭነት መደበኛ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ነበር። ቆጠራው ባይካሄድ ኖሮ ክርክሩ በጥቂት ታላላቅ ስሞች ላይ ብቻ ተወስኖ ይቀር ነበር።

በደቡብ አፍሪካ የገቢዎች መሥሪያ ቤት የሆነው

ቅጥር፣ የአማካሪ ግዥና ተጠያቂነት እንዴት እንደሚተሳሰሩ ከደቡብ አፍሪካ የገቢዎች አገልግሎት ታሪክ በበለጠ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል፤ ጉዳዩ በሁለት ዳኛ መራሽ አጣሪ ኮሚሽኖች የተመረመረ ስለሆነ ዝርዝሩ በሰነድ ተቀምጧል።

መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 የአገር ውስጥ ገቢና የጉምሩክ መሥሪያ ቤቶችን በማዋሐድ የተቋቋመ ሲሆን፣ ከአፓርታይድ ማብቂያ በኋላ ከተገነቡት ተቋማት መካከል በብቃቱ የተመሰገነ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ ቀደም ሲል የማረሚያ ቤቶች ኃላፊ የነበሩትን ቶም ሞያኔን ኮሚሽነር አድርገው ሾሙ። ሕጉ ሹመቱን ለፕሬዚዳንቱ የሰጠ እንጂ ማስታወቂያም ሆነ የዕጩዎች ውድድር የሚጠይቅ አልነበረም። በኋላ እንደተገለጠው ቤይን የተባለው ዓለም አቀፍ አማካሪ ድርጅት የደቡብ አፍሪካ ኃላፊ ከፕሬዚዳንቱ ጋር በተደጋጋሚ ተገናኝቶ ነበር፤ ድርጅቱም ሞያኔ ገና ሳይሾሙ በመጀመሪያዎቹ 100 ቀናት ምን መሥራት እንዳለባቸው የሚጠቁም ዕቅድ አዘጋጅቶላቸዋል። በሌላ አነጋገር መሥሪያ ቤቱ አማካሪ እንደሚያስፈልገው ሳይወስን፣ አማካሪው መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ጽፎ ነበር።

የመጀመሪያው ውል አነስተኛ ነበር። 2.6 ሚሊዮን ራንድ የወጣበት የሳምንታት የዳሰሳ ጥናት ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉት ምዕራፎች አዲስ ጨረታ ሳይወጣባቸው በነባሩ ውል ላይ እየተቀጠሉ ሄዱና አጠቃላይ ክፍያው 164 ሚሊዮን ራንድ ደረሰ። ይህ መንገድ በየትኛውም አገር ያለ የግዥ ባለሙያ የሚያውቀው ነው። ትንሹ ውል በር ይከፍታል፤ «ሥራውን የጀመረው እሱ ስለሆነ ሌላ ማምጣት ጊዜ ያባክናል» የሚለው ምክንያት ደግሞ የተቀረውን ያስገባል።

ከጥናቱ የወጣው አዲስ አደረጃጀት ትላልቅ ግብር ከፋዮችን የሚከታተለውን ማዕከል አፈረሰ፤ ሕገ ወጥ ንግድን የሚቆጣጠሩትንም ክፍሎች በተነ። ወደ 200 የሚጠጉ ሥራ አስኪያጆች መደባቸውን አጡ፤ ብዙዎቹ «የዘርፍ ባለሙያ» የሚል መጠሪያ ተሰጥቷቸው ያለ ሥራ መዘርዝር ተቀመጡ። ደመወዛቸው ሳይቋረጥ፣ ሙሉ የሥራ ቀን ቢሮ ገብተው፣ ይህ ነው የሚባል ተግባር ሳይኖራቸው የቆዩ የሃያ ዓመት ልምድ ያላቸው የግብር ባለሙያዎች ነበሩ ማለት ነው። ብዙዎችም መሥሪያ ቤቱን ለቅቀው ሄዱ። የደረሰውን ጉዳት የሚያሳየው ከፍተኛው ገንዘብ ለአማካሪው የተከፈለው 164 ሚሊዮን አይደለም፤ ግብር የመሰብሰብ ዐቅሙ ሲዳከም አገሪቱ ያጣችው ገቢ ከዚያ እጅግ የሚልቅ ነው።

ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ እ.ኤ.አ. በ2018 ያቋቋሙት፣ በጡረታ ላይ በነበሩት ዳኛ ሮበርት ኑጀንት የተመራው ኮሚሽን ሞያኔ ከኃላፊነት እንዲነሡ፣ የውሉ አሰጣጥም በዐቃቤ ሕግ እንዲታይ ምክረ ሐሳብ አቀረበ። ሞያኔ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ከሥልጣናቸው ተነሡ። በዳኛ ሬይመንድ ዞንዶ የተመራው ሁለተኛው ኮሚሽን በጥር 2022 ባወጣው ሪፖርት ነገሩ ስሕተት ሳይሆን በመመሳጠር የተፈጸመ መሆኑን ደመደመ። ቤይን በበኩሉ የተቀበለውን ክፍያ ከነወለዱ መልሷል፤ ስሕተት መፈጸሙን አምኖ ይቅርታ የጠየቀ ቢሆንም ተቋሙን ለማዳከም ሆን ብሎ ተመሳጥሯል መባሉን አልተቀበለም። የብሪታንያ መንግሥት በ2022 ድርጅቱን ለሦስት ዓመት፣ የደቡብ አፍሪካ ግምጃ ቤት ደግሞ ለዐሥር ዓመት ከመንግሥት ጨረታዎች አግደውታል። በአንጻሩ በድርጅቱ ውስጥ ሠርቶ ያየውን ያጋለጠው ምስክር ለደኅንነቱ ሠግቶ ከአገር ወጣ። ገንዘቡ ሲመለስ ጥቆማ ያቀረበው ሰው ግን መጠለያ ማጣቱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቀላል ነገር ተደርጎ ሊታለፍ አይገባም።

ለጉዳያችን ትልቁ ነጥብ ቀጥሎ የተደረገው ነው። ተተኪውን ኮሚሽነር ለመምረጥ ዕጩዎች በቀድሞው የገንዘብ ሚኒስትር ትሬቨር ማኑኤል በሚመራ ገለልተኛ ቡድን ፊት ቀርበው ቃለ መጠይቅ ተደረገላቸው፤ በዚህ መንገድ የተመረጡት ኤድዋርድ ኪስቬተር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ሥራ ጀመሩ። ጥገናው የተጀመረው የአማካሪ ግዥ መመሪያን ከማጥበቅ አልነበረም፤ ከላይኛው መደብ ቅጥር ነበር።

አማካሪ መቅጠር በራሱ ጥፋት ነውን?

አይደለም። አንዳንድ ዕውቀቶችን አንድ መሥሪያ ቤት በቋሚነት ቀጥሮ ማስቀመጥ የማያዋጣው ጊዜ አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዓለም ገበያ ያቀረበችውን የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ወለድ በታኅሣሥ 2023 ሳትከፍል ከቀረች በኋላ ከቦንድ ባለቤቶች ጋር የተጀመረው ድርድር የዚህ ዐይነት ነው። በሌላው ወገን የተቀመጡት በዚህ ሥራ ብቻ የሚተዳደሩ የሕግና የፋይናንስ ባለሙያዎች ናቸው፤ የገንዘብ ሚኒስቴርም በዕዳ ሽግሽግ ልምድ ካለው ላዛርድ ከተባለው ድርጅት ጋር መሥራቱ ምክንያታዊ ነው። እንዲህ ያለ ድርድር በየዓመቱ አይመጣምና ለዚህ ሲባል ቋሚ ክፍል ማቋቋም ይከብዳል።

አማካሪን የሚደግፉ ሰዎች ሌላም ክብደት ያለው መከራከሪያ አላቸው። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ የአለቃውን ፊት እያየ የማይናገረውን የውጭ ሰው በድፍረት ሊጽፈው ይችላል ይላሉ። ይህ በመርህ ደረጃ እውነት ቢሆንም አማካሪውም ቀጣዩን ውል የሚጠብቀው ከዚያው አለቃ ስለሆነ፣ ነጻነቱ ከሠራተኛው የሚበልጠው ውሉ በእውነተኛ ውድድር የተገኘና ሪፖርቱም ለሕዝብ ይፋ የሚሆን ከሆነ ብቻ ነው። የሠራተኛን ፍርሃት በአማካሪ ድፍረት ለመተካት መሞከር ውድ ነው፤ ሠራተኛው ያለ ፍርሃት ሙያዊ አስተያየቱን በጽሑፍ የሚያስቀምጥበትን ሥርዓት መዘርጋት የበለጠ ያዋጣል።

ፈተናው እንግዲህ ቀላል ነው። ውሉ ሲያልቅ መሥሪያ ቤቱ ከውሉ በፊት የማይችለውን ነገር ይችላል? ወይስ ያንኑ ሥራ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና መግዛት ይኖርበታል? መልሱ ሁለተኛው ከሆነ የተገዛው ምክር ሳይሆን የጉድለት ማስታገሻ ነው።

ቢጋሩን ማን ይጽፈዋል?

በአገራችን የምክር አገልግሎት ግዥ የሚጀምረው በ«ቢጋር» ነው። ቢጋር መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚፈልግ፣ ሥራው የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ፣ ምን ዐይነት ባለሙያ እንደሚያስፈልግና ውጤቱ በምን መልክ እንደሚቀርብ የሚገልጽ ሰነድ ነው። ከዚያ ተወዳዳሪዎች የቴክኒክና የፋይናንስ ሐሳባቸውን ለየብቻ አሽገው ያቀርባሉ፤ በቅድሚያ የቴክኒኩ ተከፍቶ ነጥብ ይሰጠዋል፤ የሚፈለገውን ነጥብ ያገኙት ብቻ ዋጋቸው ይከፈታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1333/2016ም ሆነ እሱ የተካው አዋጅ ቁጥር 649/2001 ውድድርን መነሻ ያደርጋሉ፤ ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ መግዛትንም በልዩ ሁኔታ ብቻ ይፈቅዳሉ።

ሥርዓቱ በወረቀት ላይ መልካም ነው። የሚሰበረው በሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ቢጋሩን የሚጽፈው ሰው ጉዳዩን የማያውቀው ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ቢጋሩ «ሁኔታውን በጥልቀት መዳሰስ፣ ክፍተቶችን መለየትና ምርጥ ተሞክሮዎችን መቀመር» በሚሉ ለማንኛውም መሥሪያ ቤት በሚሠሩ ሐረጎች ይሞላል፤ የሚመጣው ጥናትም ለማንኛውም መሥሪያ ቤት የሚሠራ ይሆናል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ቢጋሩን ራሱ ተወዳዳሪው በጓሮ በር አርቅቆ የሚሰጥበት ሁኔታ ነው። ሁለተኛው መሰበሪያ የግምገማ ኮሚቴው ነው። ኮሚቴው ከግዥ፣ ከፋይናንስና ከሥራ ክፍሉ የተውጣጣ ቢሆንም ጉዳዩን በጥልቀት የሚያውቅ ሰው ከሌለበት፣ ነጥብ የሚሰጠው ለሐሳቡ ጥራት ሳይሆን ለሚቆጠረው ነገር ይሆናል። ለሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ለዲግሪ ብዛትና ለገጽ ብዛት ነጥብ ይሰጣል። በዚህ መልኩ ዕውቀት ያጣ መሥሪያ ቤት ዕውቀት ለመግዛት ሲወጣ፣ የሚገዛውን መለየት ያቅተዋል።

የደመወዝ ጉዳይ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የሚቀጠር ሰው መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ይህ ጭማሪ እንዲህም ሆኖ የኑሮ ውድነቱን የሚስተካከል አይደለም፤ በፕሮጀክት የተቀጠረ ባለሙያ በዚያው ሕንጻ፣ አንዳንዴም በዚያው ክፍል፣ ከሚያገኘው ጋር ደግሞ ጨርሶ አይነጻጸርም። ውጤቱ የሚገመት ነው። በመደበኛ በጀት ገብቶ ሥራውን የተማረው ጎበዝ ባለሙያ ወደ ፕሮጀክት ማስተባበሪያው ይሻገራል፤ የለቀቀው መደብ ክፍት ይቀራል ወይም በጀማሪ ይሸፈናል፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ደግሞ ዕውቀቱ ወደ መደበኛው ክፍል አይመለስም። ለጋሾች ዐቅም ግንባታ በሚል የሚሰጡት ገንዘብ በተግባር ዐቅምን ከቋሚው መዋቅር የሚያወጣበት ጊዜ እንዳለ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

ካለፉት ሦስት ዐሥርት ዓመታት የለውጥ ፕሮግራሞችም መማር ይቻል ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከተጀመረው የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም አንሥቶ መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ፣ ሚዛናዊ የውጤት ተኮር ሥርዓት፣ ካይዘን፣ ከዚያም የነጥብ የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን ተከታትለው መጥተዋል። እያንዳንዱ የራሱን ማኑዋል፣ ሥልጠናና ጥናት አምጥቷል። አንዳንዶቹ በተለይ ለተገልጋይ በሚሰጡ አገልግሎቶች ላይ የሚታይ ለውጥ አስገኝተዋል። ነገር ግን አንዱ ሳይገመገም ሌላው ስለሚተካው፣ የትኛው ወጪ ምን እንዳስገኘ የሚናገር ሰነድ ለማግኘት ያስቸግራል።

ክፍት ውድድር፣ ድልድልና ምደባ

ክፍት ቅጥር ማለት መደቡ በይፋ መታወጁ፣ መመዘኛው አስቀድሞ መታወቁ፣ የሁሉም ተወዳዳሪ ውጤት በሚታይ ቦታ መለጠፉና ቅር የተሰኘ ሰው አቤቱታ የሚያቀርብበት አካል መኖሩ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ሕጎች ለዓመታት ይህን ሲደነግጉ ቆይተዋል። ተወዳዳሪዎችን በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ አመለካከት ማበላለጥንም ከልክለዋል።

በተግባር ግን ቁልፍ መደቦች የሚሞሉት በሌሎች መንገዶች ነው። መዋቅር ሲቀየር የሚደረገው «ድልድል» አንዱ ነው፤ ነባሩ ሠራተኛ በአዲሱ መደብ ላይ በኮሚቴ ይመደባል። «ዝውውር» ሌላው ነው። ሦስተኛው «በተጠባባቂነት መመደብ» ሲሆን፣ ለወራት የተባለው ተጠባባቂ ዓመታት ይቆይና መደቡ ለውድድር ሲወጣ የሥራ ልምዱ ለእሱ ብቻ የሚመች ሆኖ ይገኛል። ማስታወቂያ ሲወጣም አወጣጡ ይለያያል። በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ለአገር ሁሉ የወጣ ማስታወቂያና በመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ሰሌዳ ላይ ለጥቂት ቀናት የተለጠፈ ወረቀት ሁለቱም በመዝገብ «ማስታወቂያ ወጥቷል» ተብለው ይጻፋሉ፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ግን ሥራ ፈላጊው ያውቀዋል።

በዚህ ላይ የብዝኃነት ጥያቄ አለ። የአዲሱ አዋጅ አንዱ ትኩረት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ የአገሪቱን ሕዝቦች ስብጥር እንዲያንጸባርቅ ማድረግ ነው። ደጋፊዎቹ የፌዴራል ተቋም የሁሉም መሆኑ በሠራተኛው ስብጥር ካልታየ ቅቡልነቱ ይጎዳል ይላሉ፤ ተቺዎቹ ደግሞ ስብጥር ከብቃት ሊቀድም፣ ሠራተኛውም ከሙያው ይልቅ በማንነቱ ሊታይ ይችላል ብለው ይሠጋሉ። ሁለቱም ሥጋቶች እውነተኛ ናቸው። ቀደም ያሉት ሕጎች ተቀራራቢ ውጤት ባመጡ ተወዳዳሪዎች መካከል ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ አነስተኛ ተዋጽኦ ላላቸው ብሔረሰቦች አባላት ቅድሚያ ይሰጡ ነበር። ይህ መንገድ ተመራጭ የሚመስለኝ ውድድሩን ሳያስቀር ቅድሚያውን በግልጽ ስለሚያስቀምጠው ነው። ብዝኃነት በማስታወቂያው ላይ አስቀድሞ ተጽፎ ሁሉም ሲያውቀው ፖሊሲ ይሆናል፤ ከውድድሩ በኋላ በኮሚቴ ጠረጴዛ ላይ ብቅ ካለ ግን ለማንኛውም ውሳኔ ሽፋን ሊሆን ይችላል።

ተጠያቂው የሚሰወርበት ቦታ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበትና ማንኛውም ኃላፊ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። ተጠያቂነት ሁለት ነገሮችን ይይዛል፤ ለምን እንዲህ እንደተወሰነ መልስ የመስጠት ግዴታ አለ፤ መልሱ አጥጋቢ ካልሆነም መዘዙን መቀበል አለ። በምክር አገልግሎት ግዥ ሁለቱም በቀላሉ ይጠፋሉ። ኃላፊው «ባለሙያዎች ያጠኑት ነው» ይላል፤ አማካሪው «እኛ ሐሳብ አቀረብን እንጂ አልወሰንንም» ይላል፤ የግምገማ ኮሚቴው ደግሞ ነጥብ መስጠቱን ብቻ ያስታውሳል።

የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርበው ሪፖርት ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላል። በሪፖርቱ ውስጥ «ከግዥ አዋጅና መመሪያ ውጭ የተፈጸመ ግዥ»፣ «የተሟላ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ»፣ «በወቅቱ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ» የሚሉ ግኝቶች ከዓመት ዓመት ይደጋገማሉ። ነገር ግን የሒሳብ ኦዲት የሚመረምረው ክፍያው ሰነድ እንዳለውና ሥርዓቱን እንደተከተለ ነው። ጥናቱ ጠቅሞ እንደሆነ የሚጠይቀው «የክዋኔ ኦዲት» የሚባለው፣ የወጪን ቁጠባ፣ ብቃትና ውጤታማነት የሚመዝነው ሌላኛው ዐይነት ነው። ሰነዱ የተሟላ፣ ጨረታው የወጣ፣ ክፍያው በወቅቱ የተፈጸመ፣ ጥናቱ ግን መደርደሪያ ላይ የቀረ ፕሮጀክት በመጀመሪያው ኦዲት ንጹሕ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል።

ሰነድ አያያዝ የሀብታም አገሮችም ችግር መሆኑን የካናዳ የ«አራይቭካን» መተግበሪያ ጉዳይ ያሳያል። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ለመንገደኞች ምዝገባ የተሠራውን ይህን መተግበሪያ የመረመሩት የአገሪቱ ዋና ኦዲተር በየካቲት 2024 ባወጡት ሪፖርት ወጪው በግምት 59.5 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር መሆኑን ገልጸው፣ መዝገቡ እጅግ የተጓደለ በመሆኑ ትክክለኛውን አኃዝ ማወቅ እንዳልተቻለ አስታውቀዋል። እዚያ ጉዳዩ ወደ ፓርላማ ኮሚቴ ወጥቶ ኃላፊዎችና ተቋራጮች በስም ተጠርተው ተጠየቁ። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የእኛ የኦዲት ግኝቶች በመሥሪያ ቤት ስም ስለሚቀርቡ፣ ውሉን የፈረመው ኃላፊ ወደ ሌላ ተቋም ተዛውሮ አዲሱ ኃላፊ «ከእኔ በፊት የሆነ ነው» እያለ መልስ የሚሰጥበት ሁኔታ የተለመደ ሆኗል።

ቀጥሎ ምን ሊሆን ይችላል?

የብቃት ምዘናው በስፋት ሲቀጥል ብዙ መደቦች ክፍት መሆናቸው አይቀርም። እነዚህ መደቦች በክፍት ውድድር ካልተሞሉ፣ በተለይ የዕቅድ፣ የግዥ፣ የሕግና የመረጃ ሥርዓት ክፍሎች፣ ለአማካሪ ያለው ፍላጎት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ፈተናው ከዳይሬክተር በታች ያለውን ብቻ የሚመለከት ሆኖ ከዚያ በላይ ያለው በምደባ ከቀጠለ ደግሞ፣ ቢጋር የሚያጸድቁትና ጥናት የሚረከቡት ሰዎች ከምዘናው ውጭ ይቀራሉ።

የሚያስፈልጉት አብዛኞቹ ሕጎች አሉ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ ሲጠይቅ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጠው ያዛል፤ አፈጻጸሙንም የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይከታተላል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የመሥሪያ ቤቶች ውሳኔ በፍርድ ቤት የሚከለስበትን መንገድ ከፍቷል። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ም ወንጀልን ለሚያጋልጡ ሰዎች ከለላ ይሰጣል፤ ይህ ከለላ ግን የጥበቃው መጠን ከወንጀሉ ክብደት ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ወንጀል ሳይሆን ብክነት ብቻ ያየውን የግዥ ባለሙያ በበቂ ሁኔታ አይሸፍንም።

ከአዲሱ አዋጅ ጋር የሚወጡት ደንቦችና መመሪያዎች ላይ ቢጨመር ብዙ የሚለውጠው ነገር ውድ አይደለም። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት፣ የአገር ደኅንነትን ወይም በሂደት ላይ ያለ ድርድርን የሚመለከት ካልሆነ፣ ከቢጋሩ፣ ከአሸናፊው ስም፣ ከዋጋውና ጥናቱን ከተረከበው ኃላፊ ስም ጋር በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ይውጣ። ከዓመት በኋላም ከምክረ ሐሳቦቹ የትኞቹ እንደተፈጸሙ በአንድ ገጽ ይጨመርበት። ቅጥርን በተመለከተም የተወዳዳሪዎች ውጤትና ከሦስት ወር በላይ በተጠባባቂ የተያዙ መደቦች ዝርዝር በዚያው ገጽ ላይ ይቀመጥ። ይህ ከሆነ በፈተና ከመደቡ የተነሣው ሠራተኛ በእሱ ቦታ ማን በምን ውጤት እንደገባ፣ ካልገባም ሥራው ለየትኛው አማካሪ በስንት ብር እንደተሰጠ ጠይቆ መልስ ማግኘት ይችላል።